ወንበር በማዕረግ ሳይሆን በሥራ ሰዓት ይመደብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጉዳዩ፦ በኮምፒውተር የሚሠሩ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ስለሚያጠቃው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ለሕክምና ወደ እኔ ከሚመጡት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች ናቸው፤ ከባድ ዕቃ ሲያነሡ ወይም ሲወድቁ የተጎዱ ሳይሆኑ፣ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው የሚውሉ የሬጅስትራርና የፋይናንስ ሠራተኞች፣ ጸሐፊዎች፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች፣ መምህራንና ተመራማሪዎች። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ የታማሚዎቹ ብዛት ብቻ አይደለም። ታማሚው ራሱ፣ አለቃውና አንዳንዴም ሐኪሙ ጉዳዩን «አቀማመጥህን አስተካክል» በሚል ምክር ሲዘጉት አያለሁ፤ እኔ ግን ታካሚዎቼ ሥራቸውን ሲገልጹልኝ የምሰማው ስለ ወንበር አመዳደብ፣ ስለ ዕቃ ግዥና ስለ ሥራ ክፍፍል ነው።

ሕመሙ ሲጀምር ቀላል ይመስላል። «ትከሻዬን ሰቅዞ ይዞኛል»፣ «ወገቤን ይቆርጠኛል»፣ «ሌሊት እጄ ይደነዝዘኛል» ይላሉ፤ አብዛኛው ሰው ግን ብርድ የመታው ወይም ትራስ ያልተመቸው እየመሰለው ለወራት ይቆያል። ቅዳሜና እሑድ ሲያርፍ ስለሚለቀው ሰኞ ጠዋት ደኅና ሆኖ ቢሮ ይገባል፤ ሳምንቱ ሲገፋ እንደገና ይይዘዋል። በዚህ ደረጃ የደረሱበት ሕመም በአብዛኛው በቀላሉ የሚመለስ ቢሆንም፣ በዚህ ደረጃ ሕክምና የሚሻ ሰው ጥቂት ነው። የሚመጡት ሕመሙ የሥራና የዕረፍት ቀን መለየት ካቆመ፣ አንገታቸውን አዙረው ከኋላቸው ያለውን ሰው ማየት ካቃታቸው ወይም ጣታቸው ቁልፍ መቆለፍ ከተሳነው በኋላ ነው።

ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ጥያቄ «ምንም ሳላነሣ እንዴት ያመኛል?» የሚል ነው። ተገቢ ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝረው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ከትከሻ በላይ ቀጥ ብሎ ሲቆም ክብደቱን በአመዛኙ አከርካሪ ይሸከመዋል፤ ወደ ስክሪን ወይም ጠረጴዛ ላይ ወደተዘረጋ ወረቀት ባጎነበሰ ቁጥር ግን የአንገትና የላይኛው ጀርባ ጡንቻዎች ወደፊት እንዳይወድቅ ወደኋላ ሲጎትቱት ይውላሉ። ማውስ የያዘው እጅም እንዲሁ ነው። ማውሱ ከኪቦርዱ ርቆ ከተቀመጠ ክንድ ከጎን ይለያል፤ ክንዱን አንጠልጥሎ የሚይዘው ደግሞ ትከሻ ነው። ጭነቱ ትንሽ ነው፤ የሚጎዳው አለማቋረጡ ነው። ውኃ የተሞላ ብርጭቆ በተዘረጋ እጅ ለአንድ ደቂቃ መያዝ ማንንም አያደክምም፤ ለአንድ ሰዓት ያዝ የተባለ ሰው ግን ገና እኩሌታው ሳይደርስ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ከዚህም ጠለቅ ያለ ማብራሪያ አለ። አንድ ጡንቻ የተሠራው ከብዙ የጭረት፣ ማለትም የቀጫጭን የሥጋ ክሮች፣ ስብስቦች ነው። ለቀላል ሥራ መጀመሪያ የሚጠሩት ትንንሾቹ ስብስቦች ሲሆኑ፣ ጡንቻው ሙሉ በሙሉ እስኪፈታ ድረስም ከሥራ አይወጡም። የኮምፒውተር ሥራ ከባድ ጉልበት ስለማይጠይቅ ትልልቆቹ ስብስቦች አይነኩም፤ ትንንሾቹ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ያለ ዕረፍት ይቆያሉ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከስዊድን የመጣው ይህ መላምት የሕመሙን መንሥኤ ሁሉ ባያብራራም፣ ያለ ጉልበት ሥራ ጡንቻ ሊጎዳ የሚችልበትን መንገድ ያስረዳል። እነዚሁ ስብስቦች በሐሳብ ውጥረትም ጊዜ ሥራ ላይ እንደሚቆዩ መታወቁ ደግሞ፣ ሰልፍ የያዙ ተማሪዎች በመስኮት እያዩት ስም የሚያስገባ የሬጅስትራር ሠራተኛ ትከሻው ወደ ጆሮው ተጠግቶ ለምን እንደሚውል እንድንረዳ ያደርገናል።

ነገሩ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ አዲስ ነገርም አይደለም። የሙያ በሽታዎች ሕክምና አባት የሚባለው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ጸሐፍትን የሚያሠቃየው ሕመም ሦስት ምክንያቶች እንዳሉት ጽፏል፤ ያለማቋረጥ መቀመጥ፣ እጅን በአንድ ዓይነት መንገድ ደጋግሞ ማንቀሳቀስ፣ እንዳይሳሳቱ በመጠንቀቅ አእምሮን መወጠር። ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ብዕሩ በኪቦርድ ተተካ እንጂ ከዝርዝሩ የተሠረዘ ነገር የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ታካሚዎቼ ከሚነግሩኝና እኔም ቢሮዎችን ዞሬ ካየሁት፣ ወንበር የሚታደለው በማዕረግ ነው። ከፍና ዝቅ የሚል፣ ወገብን የሚደግፍ፣ የእጅ ማሳረፊያው የሚስተካከል ወንበር መጀመሪያ የሚደርሰው ለፕሬዚዳንቱ፣ ለምክትሎቹና ለዲኖቹ ነው፤ ቀጥሎ ለዳይሬክተሮቹ። እነዚህ ኃላፊዎች ግን የቀናቸውን ትልቅ ክፍል በስብሰባ አዳራሽ፣ በጉዞና እንግዳ በማነጋገር ያሳልፋሉ። የተማሪዎችን ውጤት፣ የደመወዝ ዝርዝርና የመጻሕፍት መለያ ቁጥር ሲያስገባ የሚውለው ሠራተኛ በአንጻሩ ከመማሪያ ክፍል በተረፈ፣ ወይም አንድ ኃላፊ አዲስ ሲገዛለት በተወው ወንበር ላይ ይቀመጣል። መቀመጫው ሰምጧል፤ መደገፊያው ላልቷል፤ ከፍታ ማስተካከያው ከተሰበረ ቆይቷል። በኪቦርድ ላይ ረጅሙን ሰዓት የሚያጠፋው ሰው መጥፎው ወንበር ይድረሰው ብሎ የወሰነ አካል የለም። የዕቃ አሰጣጡ ልማድ ግን ውጤቱን ያው ያደርገዋል፤ ማንም ስላልወሰነውም ማንም አይጠየቅበትም።

ይህ ልማድ በሴቶች ላይ ይበልጥ ይከብዳል። በጸሐፊነትና በመረጃ ማስገባት ሥራ ላይ የሚበዙት ሴቶች ናቸው፤ ከሥራ ሰዓት በኋላም ብዙዎቹን የቤት ሥራ ይጠብቃቸዋል። በቢሮ ሠራተኞች ላይ የሚደረጉ ጥናቶች የአንገትና የትከሻ ሕመም በሴቶች ዘንድ እንደሚበዛ በተደጋጋሚ ያሳያሉ። የጠረጴዛው ልክ ራሱ አንዱ ምክንያት ነው። የተለመደው የቢሮ ጠረጴዛ ከ72 እስከ 75 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አለው፤ ከፍታው አይቀየርም። ቁመቷ አጠር ያለ ሠራተኛ ክርኗን ከኪቦርዱ ጋር ለማስተካከል ወንበሯን ከፍ ስታደርግ እግሯ ከወለል ይነሣና ይንጠለጠላል፤ ዝቅ ስታደርግ ደግሞ ትከሻዋን ሰቅላ ለመጻፍ ትገደዳለች። ከወለሉ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የእግር ማሳረፊያ ይህን ይፈታዋል። ማንኛውም አናጢ የሚሠራው ዕቃ ነው፤ በግዥ ሰነድ ላይ ግን አይቼው አላውቅም።

መምህራንና ተመራማሪዎች የተሻለ ወንበር ቢያገኙም ከሕመሙ አላመለጡም፤ የእነሱ ጣጣ በአብዛኛው ከላፕቶፕ ይመጣል። ላፕቶፕ ስክሪኑና ኪቦርዱ አንድ ላይ የተያያዙ በመሆናቸው ሁለቱም በአንድ ጊዜ ተገቢ ቦታ ላይ ሊውሉ አይችሉም። እጅ ሲመቸው አንገት ያጎነብሳል፤ ስክሪኑ ለዓይን ሲመች እጅ ይሰቀላል። ለአጭር ሥራና ለጉዞ ይህ ምንም አይደለም። ይሁን እንጂ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ትምህርቱ ወደ ኢንተርኔት ሲዞር ላፕቶፑን የመምህሩ ብቸኛ የሥራ መሣሪያ አድርገውት ቀሩ፤ አብሮት የሚሄደውን ኪቦርድ፣ ማውስና ስክሪን ከፍ የሚያደርግ ማስቀመጫ ግን አልሰጡም። መምህሩም የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፍ ሶፋ ላይ ተደግፎ፣ ላፕቶፑን ጭኑ ላይ አድርጎ እስከ እኩለ ሌሊት ያርማል። ስክሪኑን በወፍራም መጻሕፍት ከፍ አድርጎ፣ ለብቻው የሆነ ኪቦርድና ማውስ ቢጠቀም የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይኑ ትይዩ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ርቀቱም የአንድ ክንድ ያህል ይሆንለት ነበር። ለቅርብም ለሩቅም የሚያገለግል መነጽር የሚያደርጉ አንጋፋ መምህራን ግን ስክሪኑን ከዚህም ዝቅ ቢያደርጉ ይሻላቸዋል፤ አለበለዚያ በመነጽሩ የታችኛው ክፍል ለማንበብ አገጫቸውን ቀና አድርገው ስለሚውሉ ለአንገታቸው ሌላ ሕመም ይገዛሉ።

ሁሉንም ሕመም በሥራ ላይ እንዳላላክክ መጠንቀቅም ይገባኛል። የወገብ ሕመም እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በዓለም ዙሪያ 619 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳጠቃ ተገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀው ስንትና ስንት ነው። ዕድሜ፣ የእንቅልፍ እጦት፣ የቀድሞ ጉዳት፣ የሰውነት እንቅስቃሴ ማነስ ሁሉ ድርሻ አላቸው። አውራ ጣትን፣ ጠቋሚ ጣትንና መሐል ጣትን የሚያደነዝዘው፣ በሌሊት የሚብሰው የእጅ አንጓ ነርቭ መታፈንም ብዙ ጊዜ በኪቦርድ ቢሳበብም፣ ኪቦርድ መንሥኤው ስለመሆኑ ያለው ማስረጃ ጠንካራ አይደለም፤ ከስኳር ሕመም፣ ከእርግዝናና ከእንቅርት ዕጢ ሥራ መዳከም ጋር ያለው ዝምድና ይበልጥ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ መደንዘዝ ያለበት ሠራተኛ ኪቦርድ ከመቀየሩ በፊት ሐኪም ቢያየው ይሻላል። የወገብ ሕመም ከእግር መዛል፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካለመቻል ወይም ከመቀመጫና ከብልት አካባቢ መደንዘዝ ጋር ከመጣ ግን ለነገ የማይባል ነው፤ በዚያው ቀን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

በሌላው ጽንፍ «ሕመሙ ከአእምሮ ነው» የሚሉም አሉ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በአውስትራሊያ በሺዎች የሚቆጠሩ የኪቦርድ ሠራተኞች የክንድና የእጅ ሕመም አመልክተው ከፍተኛ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ አንዱ ወገን መሣሪያውን ብቻ ሲከስስ ሌላው ሠራተኞቹን በማስመሰል ወይም በፍርሃት ወነጀለ። ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ጥናቶች ወደ አንዱ ጽንፍ አያደሉም። የሥራ ብዛት፣ በሥራ ፍጥነት ላይ የራስ ሥልጣን ማጣትና የአለቃ ድጋፍ መጉደል ሕመሙን ከሚያባብሱት ነገሮች መካከል ይቆጠራሉ። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ለዚህ የተመቸ ቦታ ነው። ዓመቱን ሙሉ ተከፋፍሎ ሊሠራ የሚችለው ሥራ በምዝገባና በውጤት ማስገቢያ ጥቂት ሳምንታት ላይ ይከመራል፤ በነዚያ ሳምንታት ጸሐፊዋ ቀና የምትልበት ጊዜ የላትም። መምህሩ በስም የራሱ ጊዜ ጌታ ቢሆንም የጊዜ ነጻነቱ ዳር ድንበር ስለሌለው ሌሊቱም የሥራ ሰዓት ይሆንበታል። አንዱ ዕረፍት የሚከለክለው አለቃ አለበት፤ ሌላው ዕረፍት የሚያዘው አለቃ የለውም። እኔ ዘንድ ሲደርሱ የሁለቱም አንገት አንድ ዓይነት ነው።

ተቋማቱ ችግሩን ሲያምኑም የመጀመሪያ እርምጃቸው የግማሽ ቀን ሥልጠና መስጠትና ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው የሚያሳይ ሥዕል ግድግዳ ላይ መለጠፍ ነው። በጥናቶች ስብስብ ግምገማ ስለ አቀማመጥ የሚሰጥ ሥልጠና ብቻውን ሕመምን ስለመቀነሱ የተገኘው ማስረጃ ደካማ ነው። አያስገርምም። የማይስተካከል ወንበር ላይ ለተቀመጠ ሰው «ወንበርህን አስተካክል» ብሎ ማስተማር ምን ይረባል? ሥዕሉ ላይ እንዳለው ሰው ቀጥ ብሎ ስምንት ሰዓት መቀመጥም መድኃኒት አይደለም፤ የተሻለው አቀማመጥ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ አቀማመጥ ነው። በዚህ ረገድ የብሪታንያ የጤናና ደኅንነት መሥሪያ ቤት ምክር ግልጽ ነው፤ በየሰዓቱ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ከስክሪን መለየት በየሁለት ሰዓቱ 20 ደቂቃ ከማረፍ ይሻላል። ዕረፍቱም ሥራ ፈት መሆንን አይጠይቅም፤ ፋይል ለማምጣት፣ ሰው ለማነጋገር ወይም ቆሞ ስልክ ለመመለስ ሊውል ይችላል። ቆመው የሚሠሩባቸውን ውድ ጠረጴዛዎች በተመለከተ ቀኑን ሙሉ መቆምም እግርንና ወገብን ስለሚጎዳ፣ ገንዘቡ ካለ መጀመሪያ ለወንበር ቢውል እመርጣለሁ።

ከሁሉም በላይ ተስፋ የምጥልበት እንቅስቃሴ ነው። በዴንማርክ የአንገትና የትከሻ ሕመም ባለባቸው የቢሮ ሠራተኞች ላይ በተሠራና እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመ ጥናት፣ በላስቲክ ማሰሪያ በቀን ሁለት ደቂቃ ብቻ፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለአሥር ሳምንታት የትከሻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ ያደረጉት ሰዎች ሕመማቸው ቀንሷል። ሁለት ደቂቃ ማንኛውም ቢሮ ሊፈቅደው የሚችል ጊዜ ነው። ታካሚዎቼ እቤት ሂዱና ሥሩ ሲባሉ ይረሱታል፤ ቢሮ ውስጥ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲሠሩት ግን ይጸናሉ። ስለዚህ በሥራ ሰዓት ሊፈቀድ ይገባል የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም።

ዩኒቨርሲቲዎች የችግሩን መጠን የማያውቁት ስላልመዘገቡት ነው። በትከሻ ሕመም ምክንያት ከሥራ የሚቀር ሰው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው እያመመው ይሠራል። ስለዚህ በሕመም ፈቃድ መዝገብ ላይ ምንም አይታይም፤ ምንም ስለማይታይም በጀት አይያዝለትም። ለመለካት የሚያስፈልገው መሣሪያ ግን እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ በእጃችን አለ። የኖርዲክ አገሮች ባለሙያዎች ያዘጋጁት መጠይቅ ሰውነትን በዘጠኝ ክፍሎች ከፍሎ፣ ባለፉት 12 ወራትና ባለፉት 7 ቀናት የትኛው ክፍል እንዳመመና ከሥራ እንዳስተጓጎለ ይጠይቃል። በጥቂት ደቂቃ የሚሞላ ነው። የሰው ሀብት አስተዳደሩ በዓመት አንድ ጊዜ ስም ሳያስጽፍ ቢያስሞላው፣ መጠይቁ ላይም ሠራተኛው በቀን ስንት ሰዓት ኮምፒውተር ላይ እንደሚቆይና ወንበሩ ይስተካከል እንደሆነ ሁለት ጥያቄ ቢጨምር፣ ወንበር ለማን መቅደም እንዳለበት ለመወሰን ከዚያ የተሻለ ሰነድ አያስፈልገውም። ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የሞላበት ቤት ነው፤ የሌላውን መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚያጠና ተቋም የራሱን ጸሐፊዎች አለመጠየቁ ይገርመኛል።

አሠሪው ኃላፊነት አለበት ማለትም የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው መመሪያ አሠሪዎች በስክሪን የሚሠሩ ሠራተኞችን የሥራ ቦታ እንዲገመግሙ፣ ሥራውም በዕረፍት ወይም በሌላ ዓይነት ሥራ እንዲቆራረጥ አስገድዷል። የዓለም ሥራ ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2022 ደኅንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ እሰማዋለሁ። ወንበር ግን በየጊዜው ይገዛል፤ ስለዚህ ጥያቄው ምን ዓይነት ወንበር ለማን ይገዛ የሚል ነው። በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊነት የተገዛ ወንበር ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ተሰብሮ ኮሪደር ላይ ይከመራል። ምትኩ ሲገዛ የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያውኑ ደኅና ወንበር መግዣ ሊሆን ይችል ነበር። በጨረታ ሰነዱ ላይ የመቀመጫው ከፍታ፣ የመደገፊያው ዘንበል ማለትና የእጅ ማሳረፊያው የሚስተካከል መሆኑ፣ መለዋወጫ የመኖሩም ጉዳይ በግዴታነት ይስፈር። ተጫራቾች ናሙና ሲያቀርቡም ናሙናው በኮሚቴው ክፍል ለግማሽ ሰዓት ታይቶ ከሚመለስ ወደ ሬጅስትራር ይወሰድ፤ ውጤት በሚገባበት ሳምንት ረዥሟም አጭሯም ጸሐፊ በየተራ ሙሉ ቀን ይሥሩበት፤ ኮሚቴውም ነጥብ ከመስጠቱ በፊት የእነሱን ቃል በጽሑፍ ይቀበል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ